ደንቡ ሲከለስ ዝም አትበይ፦ ለወጣቷ ሳኒታሪያን

ልጄ፣ የቴክሳስን የሳኒታሪያን ፈቃድ ለማውጣት ወረቀት መሰብሰብ መጀመርሽን ከእናትሽ ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ከጅማ ይዘሽ የመጣሽው የአካባቢ ጤና ዲግሪ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር ስጸልይ ነበር። እኔ ጎንደር ተምሬ በጤና ጣቢያ ያገለገልኩ፣ እዚህም በከተማ ጤና መምሪያ ኢንስፔክተር ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና በዚህ ሙያ ላይ የምልሽ አለኝ። አንዳንዱን ረዘም አድርጌዋለሁ፤ ታግሠሽ አንብቢው።

1. የሙያሽን ክብር እወቂ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲመሠረት ጤና መኮንኑን፣ የኮሚዩኒቲ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን እንደ አንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ጤና መኮንኑ የታመመውን ሲያክም ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል፣ ቄራውንና ገበያውን ይቆጣጠራል። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ጤና ጣቢያው ጎዶሎ ነበር። በአሜሪካም ሳኒታሪያኖችን በሕግ መመዝገብ የጀመረችው ካሊፎርኒያ ናት፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1945 ነበር። ሌሎች ስቴቶች እየቆዩ ተከተሏት። የምዝገባው ቁም ነገር ውሃውን፣ ወተቱንና የምግብ ቤቱን ማድቤት የሚመረምረው ሰው ሳይንሱን የተማረ መሆኑ እንዲረጋገጥ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው “ዶክተር ወይም ነርስ ብትሆኚ ይሻል ነበር” ሲልሽ አንገትሽን አትድፊ።

2. ሕጉንና ደንቡን ለይተሽ ከምንጩ አንብቢ። የእኛ ሰው የፈቃድ ነገር ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ማን አውጥቷል? እንዴት አድርጎ አወጣው?” ብሎ ነው። ልምድ ያለውን መጠየቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን ያ ሰው ፈቃዱን ያወጣው በዛሬው ደንብ ላይሆን ይችላል። እስከ እ.ኤ.አ. 2017 ድረስ የቴክሳስን ሳኒታሪያኖች የሚመዘግበው የስቴቱ ጤና መምሪያ ነበር። ከኅዳር መግቢያ 2017 ጀምሮ ግን ሥራው ወደ ቴክሳስ የፈቃድና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ከዚያ በፊት ያወጣ ሰው የሚነግርሽ መንገድ ሌላ መሥሪያ ቤት ሊያደርስሽ ይችላል።

አሁን ልብ ብለሽ ያዢልኝ፤ በኋላ የምነግርሽ ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል። ሕጉን የሚያወጣው የስቴቱ ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት በጥር ይሰበሰባል፤ መደበኛ ጉባኤው ከ140 ቀን አይበልጥም። የሳኒታሪያን ሕግ በኦኩፔሽንስ ኮድ ምዕራፍ 1953 ውስጥ ታገኚዋለሽ። የባችለር ዲግሪ፣ በዲግሪው ውስጥ ቢያንስ 30 የሴሚስተር ክሬዲት የሳይንስ ትምህርት፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት በሳኒቴሽን መስክ የሙሉ ጊዜ ሥራ የሚሉት መመዘኛዎች እዚያ ተጽፈዋል። ደንቡ ደግሞ በአስተዳደር ኮዱ ርዕስ 16፣ ምዕራፍ 119 ነው። ደንብ የሚያጸድቀው የፈቃድና ቁጥጥር ኮሚሽን ሲሆን ማመልከቻው፣ ክፍያው፣ እድሳቱና ተከታታይ ትምህርቱ በዚያ ይዘረዘራል። 30 ክሬዲቱን የሚቀይረው ኮሚሽኑ አይደለም፤ ለእርሱ ብትጮኺ ድካምሽ ከንቱ ነው። የምክር ቤት አባልሽም የማመልከቻ ቅጽ አይከልስልሽም። የትኛውን በር እንደምታንኳኪ አስቀድመሽ እወቂ።

ሌላም ነገር አለ። ቴክሳስ ውስጥ ሕጉ የሚጠብቀው በዋናነት ስሙን ነው። ያልተመዘገበ ሰው ራሱን ሳኒታሪያን ብሎ ማስተዋወቅ አይችልም፤ ምግብ ቤት የሚፈትሽ ሁሉ ግን የተመዘገበ ሳኒታሪያን ነው ማለት አይደለም። ፈቃዱ ሳይኖርሽም በኢንስፔክተርነት የሚቀጥርሽ ከተማ ሊኖር ይችላል። እንዲያም ሆኖ አውጪው። አለቃሽ “እለፊው” ባለሽ ቀን “አላልፈውም” የምትይበት የራስሽ መቆሚያ ይሆንሻል።

3. በወረቀቱ አትቸኩዪ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ ትራንስክሪፕትሽ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲላክ፣ የውጭ አገር ዲግሪሽን ተመጣጣኝነት የሚያሳየው ግምገማም እያንዳንዱን ኮርስ ከነክሬዲቱ እንዲዘረዝር አድርጊ። “ዲግሪው ከአሜሪካ ባችለር ጋር ተመጣጣኝ ነው” የምትል አንዲት መስመር ብቻ የያዘ ግምገማ የሳይንሱን 30 ክሬዲት አያሳይልሽም። ሁለቱ ዓመት የሥራ ልምድ ካልሞላልሽ የሠልጣኝ ሳኒታሪያን ምዝገባ አለ፤ በዚያ ግቢና እየሠራሽ ሙዪው።

4. የወገንን ማድቤት ዘመድ ሆነሽ ሳይሆን ባለሙያ ሆነሽ ግቢ። ዳላስና ጋርላንድ፣ ሂዩስተንም፣ ምግብ ቤቶቻችን ብዙ ናቸው። ኢንስፔክተር ሲመጣ የሚደነግጡት ሁልጊዜ ጥፋተኞች ስለሆኑ አይደለም፤ የሚያስረዳቸው ስለሌለም ነው። አንቺ የምታስረጂያቸው ትሆኛለሽ።

ዶሮ ወጡን ውሰጂ። በቂቤና በቀይ ሽንኩርት የተሠራ ወፍራም ወጥ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። የፌዴራሉ የምግብ ኮድ የበሰለ ምግብ ከ135 ዲግሪ ፋራናይት ወደ 70 በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያም በጠቅላላው በ6 ሰዓት ውስጥ ወደ 41 እንዲወርድ ያዛል። ወጡ ከነትልቅ ድስቱ ፍሪጅ ከገባ መሀሉ ሌሊቱን ሙሉ ሞቅ ብሎ ያድራል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ ዘሩ በመፍላት አይሞትም፤ በዚያ ሙቀት ነው የሚራባው። ስለዚህ ለምግብ ቤቷ ባለቤት “ጥሰሻል” ብለሽ ወረቀት ጥለሽ አትውጪ። ጥልቀት በሌለው ሰፊ ዕቃ ውስጥ ገልብጣ፣ በረዶ ላይ አስቀምጣ፣ እያማሰለች እንድታቀዘቅዘው አሳዪያት። ቴርሞሜትሩን በእጇ አስይዣት።

እንጀራውም አለ። የእኛን ምግብ የማያውቅ ኢንስፔክተር ሁለት ሦስት ቀን ማድቤት ውስጥ የተቀመጠ ሊጥ ሲያይ “ይደፋ” ሊል ይችላል። በደንብ የቦካ የጤፍ ሊጥ አሲድነቱ ከፒኤች 4 በታች ይወርዳል፤ የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ደግሞ ከ4.6 በታች አያድግም። ይህን በፒኤች መለኪያ ለክቶ፣ ጽፎ ማሳየት ይቻላል። የባልደረባሽን አስተያየት የሚለውጠው የተለካና የተመዘገበ ቁጥር ነው፤ “በአገራችን እንዲህ ነው” ማለት አይበቃም።

ስለ ክትፎ ግን አትለሳለሺ። ጥሬ ሥጋ የሚያቀርብ ቤት ማስጠንቀቂያውን በሜኑው ወይም ደንበኛው በሚያየው ሌላ ጽሑፍ ላይ በግልጽ ማስፈር አለበት። ኮሶ ምን እንደሆነ ለእኛ ሰው ማስተማር አያስፈልግም፤ ኢ ኮላይ ስለሚባለው ባክቴሪያ ግን ማስተማር ያስፈልጋል፤ በተለይ በተፈጨ ሥጋ። ልጆችና እርጉዞች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከባድ ነው።

ሰዎቹ ይወዱሻል፤ ቡና ያፈሉልሻል፤ ሒሳብ አትክፈዪ ይሉሻል። በሥራ ሰዓት አንድ ሲኒም ቢሆን አትቅመሺ። የዘመድሽ ወይም የቅርብ ወዳጅሽ ምግብ ቤት ለፍተሻ ከደረሰሽ ለአለቃሽ ተናግረሽ ለሌላ ሰው አስተላልፊው።

5. መመዘኛው እንዲወርድ አትጠይቂ። በብዙ ስቴቶች “ፈቃድ የሥራ እንቅፋት ነው፣ ይቀነስ” የሚል ክርክር አለ። በአንዳንዱ ሙያ እውነት ነው። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2015 ሹሩባ ለሚሠሩ ሰዎች ፈቃድ መጠየቅ ስታቆም ብዙ እህቶቻችን ተጠቅመዋል፤ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ሹሩባ ቢበላሽ ይፈታል። የተበከለ ውሃ የጠጣ ሰው ግን ምርጫ አልነበረውም፤ ውሃውን ማን እንደመረመረው እንኳ አያውቅም። በነሐሴ 2017 ሃርቪ የተባለው ሃሪኬን ሂዩስተንን ሲያጥለቀልቅ፣ በየካቲት 2021 ደግሞ ያ ብርድ መብራቱን አጥፍቶ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው “ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ” ሲባል፣ መጠለያውን፣ የውሃ ጉድጓዱን፣ የሴፕቲክ ጋኑንና ማድቤቱን መርምሮ “ይህ ይሆናል፣ ይህ አይሆንም” ለማለት እውቀት ያለው ሰው ያስፈልግ ነበር። 30 ክሬዲቱ ለዚያ ቀን ነው። እኛ ከሌላ አገር የመጣን ሰዎች የመመዘኛውን መውረድ የምንለምን ከመሰልን፣ በእኛ ስም ሙያው ይረክሳል። መጠየቅ ያለብን የተማርነውና የሠራነው በትክክል እንዲመዘን ነው።

6. ደንቡ ሲከለስ ዝም አትበይ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላል አገራችን፤ እዚህ አገር ደግሞ ለመናገር ጊዜውና ቦታው በሕግ ተወስኗል።

በቴክሳስ ሕግ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ደንቡን በየአራት ዓመቱ መርምሮ “አሁንም ያስፈልጋል ወይ?” የሚለውን መመለስ አለበት። ማሻሻያ ሲያስብ ረቂቁን በየሳምንቱ ዓርብ በሚወጣው ቴክሳስ ሬጂስተር ላይ ያትማል፤ ከማጽደቁ በፊት ቢያንስ 30 ቀን ለሕዝብ ያሳውቃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማንም ሰው አስተያየት መላክ ይችላል። ረቂቁ መሠረታዊ ለውጥ የሚያደርግ ሲሆን፣ 25 ሰዎች ከጠየቁ መሥሪያ ቤቱ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ስብሰባ ማካሄድ ግዴታው ነው። 25 ሰው! በአንድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሻይ ላይ የሚገኝ ሰው ነው። ረቂቅ እስኪወጣ መጠበቅም የለብሽም፤ የቴክሳስ ነዋሪ ደንብ እንዲወጣ ወይም እንዲሻሻል በጽሑፍ ማመልከት ይችላል፤ መሥሪያ ቤቱም በ60 ቀን ውስጥ ወይ ምክንያቱን ጽፎ ይከለክላል፣ ወይ የደንብ ማውጣቱን ሥራ ይጀምራል።

አስተያየትሽ ዋጋ የሚኖረው ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ኮሚሽኑ በገዥው የሚሾሙ ሰባት አባላት አሉት፤ ሰባቱም ከሕዝብ የተወከሉ እንጂ ከሚቆጣጠሯቸው ሙያዎች የመጡ አይደሉም። ሳኒታሪያን የለበትም። ስለ ሥራችን የሚያውቁት ከሠራተኞቻቸው፣ ከአማካሪዎችና ከሚጽፍላቸው ሰው ነው። ደንቡ ሲጸድቅ መሥሪያ ቤቱ የቀረቡለትን አስተያየቶች ጠቅሶ፣ ያልተቀበለውንም ለምን እንዳልተቀበለ መጻፍ አለበት። የአንቺ ሐሳብ ውድቅ ቢደረግ እንኳ መልሱ ታትሞ ይቀመጣል፤ የሚቀጥለው ሰው ከዚያ ይነሣል።

ስትጽፊ ብሶት አትጻፊ። የአንቀጹን ቁጥር ጥቀሺ፤ ችግሩን በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር አስረጂ፤ ከዚያ ሊተካ ይገባል የምትዪውን ቃል ራስሽ አርቅቀሽ አስቀምጪ። ለምሳሌ የቀድሞ አሠሪ የሥራ ልምድን በደብዳቤ ያረጋግጥ ሲባል፣ በጦርነት የተቃጠለ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ አይጽፍም። እንዲህ ዓይነት አመልካች በምን ማስረጃ ሊተካው እንደሚችል ደንቡ በግልጽ እንዲናገር ጠይቂ፤ የቅጥር ውል፣ የደመወዝ ሰነድ፣ የባልደረቦች የመሐላ ቃል ይሆናል። ይህ ጥያቄ የኢትዮጵያውያን ብቻ አይደለም፤ ከሶርያም ከዩክሬንም የመጣ ባለሙያ ይጠይቀዋል። ፓራሲቶሎጂና የነፍሳት ቁጥጥር በሳይንስ ክሬዲት እንዴት እንደሚቆጠሩም ብትጠይቂ ተገቢ ነው። አንድ አንቀጽ ጥሩ ሆኖ ካገኘሽውም “ይህ ይጽና” ብለሽ ጻፊ፤ ተቃዋሚ ብቻ በሚጽፍበት ጊዜ ጥሩው አንቀጽም ይሰረዛል።

7. ፈቃዱ በእጅሽ ከገባ በኋላ እድሳቱንና የትምህርት ሰዓቱን በቀን መቁጠሪያሽ ላይ አስፍሪ፤ አድራሻ ስትቀይሪ ለመሥሪያ ቤቱ አሳውቂ። ስለ እድሳቱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

እስከዚያው ድረስ ግን ፈቃዱ እስኪመጣ አትጠብቂ። በዚህ ሳምንት ምዕራፍ 119ን ከፍተሽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቢ፤ ያልገባሽን አስምረሽበት እሑድ ይዘሽልኝ ነዪ። ከመሥሪያ ቤቱ የኢሜይል ማሳወቂያ ተመዝገቢ። የሚቀጥለው ረቂቅ ሲወጣ አስተያየትሽን ጽፈሽ፣ ስምሽን ከነአባትሽ ስም አስፍረሽ ላኪ፤ አብረውሽ የተማሩትንም አስጽፊያቸው። አደራ።