ከሕዋሱ በፊት የደም ሥሩ፦ በቆሽት ደሴቶች ንቅለ ተከላ የደም ሥር ዕድገትን ማሻሻል

መግቢያ

በዓይነት 1 የስኳር በሽታ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን ቤታ ሕዋሳት ያጠፋል። ከለጋሽ ቆሽት የተለዩ የላንገርሃንስ ደሴቶችን መትከል ይህን ተግባር ሊመልስ እንደሚችል በጉልህ የታየው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ በካናዳ ኤድመንተን ከተማ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት ታካሚዎች የኢንሱሊን መርፌ ማቆም መቻላቸውን አሳወቁ። ሆኖም ለአንድ ታካሚ ከአንድ በላይ ለጋሽ አስፈልጓል፤ ከዓመታት በኋላም አብዛኞቹ ወደ መርፌው ተመልሰዋል። የለጋሽ ቆሽት እጅግ ውስን በመሆኑ፣ ከተተከሉት ደሴቶች ብዙዎቹ ለምን እንደሚጠፉ መረዳት ለሕክምናው ወሳኝ ነው። ከዐበይት ምክንያቶቹ አንዱ የደም ሥር መዘግየት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ደሴቶች ከቆሽት ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ቢሆኑም ወደ ቆሽት ከሚፈሰው ደም እስከ 15 በመቶ የሚደርሰውን ይወስዳሉ። በኮላጅኔዝ ኢንዛይም ከአካባቢያቸው ሲለዩ ይህን ደም የሚያደርሰው መረብ ይቆረጣል። ወደ ጉበት በሚገባው ፖርታል ደም መልስ ከተሰጡ በኋላ አዲስ መረብ እስኪዘረጋላቸው ድረስ፣ በእንስሳት ሙከራ እንደታየው፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ያልፋል። እስከዚያው ኦክስጅን የሚያገኙት ከዙሪያቸው ሰርጎ የሚደርሰውን ብቻ ስለሆነ የትላልቅ ደሴቶች እምብርት ቀድሞ ይሞታል። ደሴቶቹ ከደም ጋር በቀጥታ ሲገናኙ የሚነሣው የደም መርጋትና ብግነትም ጉዳቱን ያባብሳል።

የተሞከሩ መንገዶች

አንደኛው መንገድ የደም ሥር ዕድገትን የሚያነቃቃውን ቪኢጂኤፍ የተባለ ፕሮቲን መጨመር ነው። ይሁን እንጂ በአይጦች ቤታ ሕዋሳት ውስጥ የፕሮቲኑ መጠን ከልክ ሲያልፍ የደም ሥር ሽፋን ሕዋሳት በዝተው ቤታ ሕዋሳት ተመናምነዋል። በመሆኑም ፕሮቲኑን ይዘው ቀስ በቀስ የሚለቁ ሃይድሮጄሎች ተመራጭ ሆነዋል።

ሁለተኛው መንገድ ደሴቶችን ከደም ሥር ሽፋን ሕዋሳት ወይም ከሜዘንካይማል ግንደ ሕዋሳት ጋር አብሮ መትከል ነው። አጋር ሕዋሳቱ የመረቡ አካል በመሆን ወይም አነቃቂ ፕሮቲኖችን በማመንጨት ያግዛሉ።

ሦስተኛው መንገድ ቅደም ተከተሉን ይለውጣል። የአልበርታ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት ቀጭን ቱቦ በአይጦች ቆዳ ሥር ለአንድ ወር ያህል አስቀመጡ። ሰውነት ባዕዱን ነገር ለመክበብ በደም ሥር የበለጸገ ሕብረ ሕዋስ ሠራ፤ ቱቦው ወጥቶ ደሴቶች በቦታው ሲተከሉም የአይጦቹ የደም ስኳር ወደ ጤናማ መጠን ተመለሰ። ያለዚህ ዝግጅት ከቆዳ ሥር የተተከሉ ደሴቶች በአብዛኛው አይሳካላቸውም። ቦታው ለክትትል የሚመች ከመሆኑም በላይ ችግር ቢፈጠር ንቅለ ተከላውን ማውጣት ያስችላል።

የመድኃኒቱ ተቃርኖ

በኤድመንተን ሥርዓት የተተከሉትን ደሴቶች ከመከላከያ ሥርዓቱ ጥቃት ይጠብቅ የነበረው ሲሮሊመስ የደም ሥር ዕድገትንም ይገታል። ስለዚህ በጤናማ አይጥ ላይ ያለ መድኃኒት የተገኘ ውጤት በሰው ላይ እንደሚደገም አስቀድሞ መገመት አይገባም።

ማጠቃለያ

የደም ሥሮች ብዛት ብቻውን የስኬት መለኪያ ሊሆን አይችልም። ቀጣይ ጥናቶች ደም በአዲሶቹ ሥሮች ውስጥ በእርግጥ መፍሰሱን፣ ሁለቱን ሳምንታት ተሻግረው የተረፉትን ቤታ ሕዋሳትና ለስኳር የሚሰጡትን ምላሽ፣ ታካሚው በሚወስደው መድኃኒት ሥር ሆነው ሊለኩ ይገባል። ከአንድ ለጋሽ የተገኙ ደሴቶች ለአንድ ታካሚ የሚበቁት ብክነቱ ሲቀንስ ነው።