ሐውልት ሠሪው አፈወርቅ ተክሌ

ጅዳ ኮርኒሽ ወጣ ብለን አየር ስንቀበል የእነ ሄንሪ ሙርን ሐውልቶች እያየን እናልፋለን። ለመሆኑ ከኛ አገር ሐውልት ሠሪዎች ማንን እናውቃለን? የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ነው።

1. ትምህርታቸው፦ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ። በልጅነታቸው የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ እንግሊዝ አገር ተላኩ። ልባቸው ግን ወደ ሥዕል አደላና ለንደን ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። የተማሩትንም ይዘው አገራቸው ተመለሱ።

2. ሥራቸው፦ ሐረር አደባባይ ላይ ራስ መኮንንን ከነፈረሳቸው በሐውልት አቆሙ። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወትም የእሳቸው ሥራ ነው። የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ያሳያል።

3. የሐውልቱ ዕጣ፦ አፈወርቅ በ2004 ዓ.ም. አረፉ። የሐረሩ ሐውልት በሰኔ 2012 ዓ.ም. በነበረው ግርግር ፈረሰ። ልብ በሉ! ስለ ራስ መኮንን ሁላችንም አንድ ሐሳብ ላይኖረን ይችላል። ሐውልቱ ቆሞ ቢሆን ግን ፊቱ ቆመን እንከራከር ነበር። የስንት ዓመት ዕውቀት በአንድ ቀን ወደቀ።

የመወያያ ጥያቄ፦ በትውልድ ከተማችሁ የትኛው ሐውልት አለ? ማንስ ሠራው? አገር ቤት ስትደውሉ ጠይቁና ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁ ኑ።