ተረት በሁለት ቋንቋ
ሕፃናት በቤት ውስጥ እንግሊዝኛ እንዲለማመዱ፣ ለወላጆችና ለአስተማሪዎች የቀረበ ጥናት

በመሐል ሜዳና በአካባቢዋ የሚኖሩ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሡልን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ልጆቻችን እንግሊዝኛ እንዲያውቁ እንመኛለን፤ እኛ ግን አናውቀውም፤ ታዲያ በቤት ምን ልንረዳቸው እንችላለን?» የሚል ነው። ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። ስለዚህ አብዛኛውን ትምህርት በአማርኛ ሲከታተል የቆየ የመንዝ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክሱም ታሪኩም በባዕድ ቋንቋ ይመጣበታል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደ ነበሩ አንባብያን አይዘነጉትም። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ቋንቋው ብቻ ነው አንልም። ነገር ግን ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ተማሪ ትምህርቱን ቢያውቀው እንኳ መልሱን አያገኘውም። በዚህም ላይ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ በመዘጋታቸው፣ ለብዙ ሕፃናት ቤታቸው ብቸኛ የመማሪያ ስፍራ ሆኖ ከርሟል።

መልሳችን አጭር ነው፤ ተረት ንገሩአቸው የሚል ነው። ይህን ስንናገር ፈገግ የሚሉ አሉ፤ ተረት የሥራ ፈት ወግ ይመስላቸዋልና። ይሁን እንጂ የመንዝ ብርድ ቤተ ሰቡን ሁሉ ባና አልብሶ በምድጃ ዙሪያ በሚሰበስብበት ምሽት፣ አያቲቱ «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ሲቀበሉ፣ በዚያ ቤት ያለው ጸጥታና ትኩረት በየትኛውም ክፍል አይገኝም። ቋንቋ የሚለመደው በመደጋገም ነው። በክፍል ውስጥ መደጋገም ያሰለቻል፤ ተረትን ግን ሕፃኑ ራሱ «ድገሙልኝ» ብሎ ይለምናል፤ አንዲት ቃል ብትለወጥበትም «እንዲህ አልነበረም» ብሎ ያርማል። ከዚህ የተሻለ ተማሪ ከየት ይመጣል?

አስቀድመን ግን አንድ ጥንቃቄ ማሳሰብ እንወዳለን። አንዳንድ ወላጆች፣ በተለይም በከተማ የሚኖሩት፣ ልጁ እንግሊዝኛ እንዲቀናው ብለው በቤት አማርኛ እንዳይናገር ይከለክሉታል፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛም ያዙታል፣ ይቆጡታልም። እንዲህ ያለው ልጅ ሁለቱንም ሳይዝ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2006 ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ፣ ስለ ማስተማሪያ ቋንቋ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ልጆች በ8ኛ ክፍል በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። በመሆኑም የአማርኛው ተረት ለእንግሊዝኛው መሠረት ነው እንጂ እንቅፋቱ አይደለም።

በዚህ ረገድ የገዛ አካባቢያችን ምሳሌ አለው። በ1909 ዓ.ም. በመንዝና ግሼ የተወለዱት ደራሲ ከበደ ሚካኤል በልጅነታቸው የአገራቸውን ትምህርት ከቀሰሙ በኋላ በአዲስ አበባ በፈረንሳይኛ ተምረዋል። «ታሪክና ምሳሌ» በተባለው መጽሐፋቸው የእንስሳትና የሰዎችን ምሳሌዎች በአማርኛ ግጥም አቀረቡ፤ መጽሐፉም ለብዙ ዘመን የትምህርት ቤት ንባብ ሆኖ አገልግሏል። የሼክስፒርን ሥራ ወደ አማርኛ የመለሱትም እርሳቸው ናቸው። እርሳቸው የባሕር ማዶውን ነገር ወደ ቤታችን አስገቡ፤ እኛም የቤታችንን ተረት በሌላ ቋንቋ አልብሰን በዚያው መንገድ ብንመላለስበት ምን ይከለክለናል?

የፈረንጆቹን ተረቶች አንንቅም። ወንድማማቾቹ ግሪም እ.ኤ.አ. በ1812 በጀርመንኛ ያሳተሙአቸው፣ ፈረንሳዊው ፔሮም እ.ኤ.አ. በ1697 ያወጣቸው ተረቶች ዛሬ የዓለም ሁሉ ልጆች መደሰቻ ሆነዋል። የእንግሊዝ ሕፃናት ራሳቸው እነዚህን ተረቶች ያገኙአቸው በትርጉም መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። ነገር ግን ለጀማሪ ሕፃን አንድ ችግር አለባቸው። ቃሉም ባዕድ፣ ነገሩም ባዕድ ይሆንበታል። የንጉሡን ቤተ መንግሥትና ከብስኩት የተሠራውን ቤት ለማስረዳት ስንደክም ምሽቱ ያልቃል። ስለዚህ ነገሩ የታወቀ፣ ቃሉ ብቻ አዲስ የሆነበትን ተረት እናስቀድም እንላለን።

ለመሐል ሜዳ ልጅ «እሳት በተራራ ላይ» ከሚባለው የአገራችን ተረት የሚሻል አላገኘንም። ይህን ተረት ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አውጥተውታል፤ የመጽሐፉም ርእስ የተወሰደው ከእርሱ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ባለጸጋ ከአገልጋዩ ጋር ይወራረዳል። አገልጋዩ ያለ ልብስና ያለ እሳት በብርዳም ተራራ ራስ ላይ ሌሊቱን ቢያነጋ ቤትና ከብት፣ መሬትም ሊሰጠው ቃል ይገባል። አንድ ሽማግሌ አገልጋዩን ስለሚያዝንለት ከሸለቆው ማዶ እሳት ያነድዳል፤ አገልጋዩም ያንን የሩቅ እሳት ሲመለከት፣ ስለ ሙቀቱም ሲያስብ ሌሊቱን ይገፋዋል። ሲነጋ ግን ባለጸጋው «እሳት አይተሃልና ሞቀሃል» ብሎ ይክደዋል፤ ዳኛውም ይፈርድለታል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ግብዣ ያደርጋል፤ ባለጸጋውም ዳኛውም ይጠራሉ። የወጡ ሽታ ከጓዳ ይመጣል፤ ምግቡ ግን አይቀርብም። እንግዶቹ ሲያጉረመርሙ «የሩቅ እሳት ካሞቀ የምግብ ሽታስ ስለምን አያጠግብም?» ይባላሉ፤ በዚህም ፍርዱ ይስተካከላል።

የጓሳን ውርጭ የሚያውቅ ልጅ ይህን ተረት ማንም ሳያብራራለት ይረዳዋል። በመጀመሪያው ምሽት ሙሉውን በአማርኛ ብቻ ንገሩት። አትቸኩሉ፤ ይሳቅበት፣ ይቆጣበት። በማግሥቱ ያንኑ ተረት በአማርኛ እየተረካችሁ ስድስት ቃላት ብቻ በእንግሊዝኛ ጣል አድርጉበት። እነርሱም ማውንተን፣ ናይት፣ ኮልድ፣ ፋየር፣ ፉድ፣ ስሜል ናቸው። «አገልጋዩ ወደ ማውንተን ወጣ» ስትሉ እጃችሁን ወደ ላይ አንሡ፤ «ኮልድ» ስትሉ ተንቀጥቀጡ፤ «ስሜል» ስትሉ አፍንጫችሁን ወደ ጓዳው መልሱ። ትርጉሙን አትንገሩት፤ ራሱ ያገኘዋል። በሦስተኛውና በአራተኛው ምሽት ቃሉ የሚመጣበት ቦታ ሲደርስ ዝም በሉ። ልጁ ይሞላዋል። በሳምንቱ መጨረሻ «አይ አም ኮልድ»፣ «አይ ሲ ዘ ፋየር»፣ «አይ ስሜል ዘ ፉድ» የሚሉትን አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አገልጋዩንና እንግዳውን ሆኖ ይናገራቸዋል።

በዚህ ስፍራ ጥቂት እንቆይ፤ ብዙ ተማሪ እስከ 12ኛ ክፍል ይዞት የሚሄደው ስሕተት እዚህ ላይ ይወለዳልና። በአማርኛ «በረደኝ»፣ «ራበኝ»፣ «ጠማኝ» ስንል ብርዱና ረኃቡ አድራጊ፣ እኛ ተደራጊ ነን። በእንግሊዝኛ ግን ሰውዬው ራሱ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሆኖ «አይ አም ኮልድ»፣ «አይ አም ሀንግሪ» ይላል። ይህን ለሕፃን በሰዋስው ሕግ ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው። የአገልጋዩን ቃል ሠላሳ ጊዜ ተንቀጥቅጦ የተናገረ ልጅ ግን ሌላ አነጋገር አይመጣበትም።

የቃላት አቀማመጥም እንዲሁ በጨዋታ ይገባል። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ያርፋል፤ «ን» የምትባለውም ፊደል ተበዪውን ስለምታመለክት «ጅቡ በጉን በላ» ብንል፣ «በጉን ጅቡ በላ» ብንል በጉ ከመበላት አይድንም። በእንግሊዝኛ «ዘ ሃይና ኤት ዘ ሺፕ» የሚለውን ብናገላብጠው ግን በጉ ጅቡን በላው ማለት ይሆናል። እኛ ይህን በልጆች ፊት ስናገላብጥ ከሳቃቸው የተነሣ ትረካው ይቋረጣል፤ ሥርዓቱ ግን ከዚያ በኋላ አይጠፋቸውም።

በግ ከተነሣ፣ የበግ አገር ልጆች ሊጠነቀቁበት የሚገባ አንድ የድምፅ ነገር አለ። በእንግሊዝኛ በግና መርከብ በአነጋገር በጣም ይቀራረባሉ፤ ብዙ አዋቂዎችም ይደባልቁአቸዋል። መርከብ አይቶ የማያውቀው የመንዝ ልጅ መርከብ ሲያግድ ይውላል ማለት ነው። ደግነቱ ፊደላችን ይረዳናል። በጉን በሳልስ «ሺፕ»፣ መርከቡን በሳድስ «ሽፕ» ብለን ብናስጠራው ለትክክለኛው ድምፅ ይቀርባል። ምላስን በጥርሶች መካከል አውጥቶ የሚነገረውን፣ እኛ በ«ዘ» የምንጽፈውን ድምፅ ግን ፊደላችን አልያዘውም። እርሱን ከመምህር ወይም ከድምፅ ቅጂ መስማት ያስፈልጋል።

ከፈረንጆቹ ተረቶች ወደ አንዱ ስትሻገሩ ስለ ተኩላው አስቡበት። በእነርሱ ተረት ሰው የሚውጠው አውሬ በእንግሊዝኛ የተጠራበት ስም፣ በጓሳ የሚኖረው የእኛ ቀይ ቀበሮ ዛሬ በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ስም ነው። ቀይ ቀበሮ ደግሞ በአብዛኛው አይጥ አድኖ የሚኖር፣ ቁጥሩም የተመናመነ እንስሳ ነው። በዚህ ምክንያት የልጁ ጥላቻ በማይገባው ፍጥረት ላይ እንዳይወድቅ እንሰጋለን። እኛ ብንሆን ተኩላውን አውጥተን አያ ጅቦን እናስገባበታለን። ሆዳምነቱንና ሞኝነቱን ልጆቹ አስቀድመው ያውቁታል፤ እመት ጦጢት እንደምታታልለውም ይጠብቃሉ። እንግሊዝኛው «አያ» እና «እመት» የሚል ማዕረግ ለእንስሳ ስለሌለው «ሚስተር ሃይና» ቢባል ይበቃል፤ ልጆቹ ግን ብዙ ጊዜ «አያ ሃይና» ይላሉ፤ አታርሙአቸው።

እንግሊዝኛ የማያውቁ ወላጆች ምን ያድርጉ? ተረቱን በአማርኛ መተረክ የእነርሱ ድርሻ ነው፤ ከሥራው የሚበልጠውም ይህ ነው። ስድስቱን ቃላት ሁለተኛ ደረጃ የደረሰ ወንድም ወይም እኅት ያቀብላል። ልጁም መልሶ ለእናቱ ቢያስተምራት ይበልጥ ይጠቅመዋል። እናት ስትሳሳት ያየ ልጅ የራሱን ስሕተት አይፈራም። የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎችም ሕፃናቱ ቀድመው በሚደርሱባቸው ቀናት፣ ዋናው ትምህርት እስኪጀመር አንዱን ተረት በጋራ ሊያስደግሙ ይችላሉ።

መጽሐፍ ለሚፈልጉ ደግሞ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ አስተምራ የነበረችው እንግሊዛዊት ደራሲ ኤልዛቤጥ ሌርድ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብሪቲሽ ካውንስል ድጋፍ በየክልሉ እየዞረች ከተራኪዎች አፍ ተረቶችን ሰብስባለች። ከእነዚህም ብዙዎቹ ለተማሪ በሚመጥን ቀላል እንግሊዝኛ ተጽፈው ወጥተዋል። የሚያገኙአቸው ሰዎች አስቀድመው ለብቻቸው ቢያነብቡአቸውና ከልጁ ዕድሜ በላይ የሆነውን ቢያሳጥሩት መልካም ነው። ለ4 ወይም ለ5 ዓመት ልጅ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል፤ ሲያዛጋ ካያችሁት ቀሪውን ለነገ አሳድሩት። በወር ከሁለት ተረት በላይ አትጀምሩ። «እሳት በተራራ ላይ» ሲለመድ፣ የአራዊቱን ኃጢአት ሁሉ ተሸክማ የተበላችውን የአህያይቱን ተረት እንድታስከትሉ እንመክራለን። በእርስዋ ውስጥ አንበሳም ነብርም ጅብም በየተራ ስለሚናዘዙ ለአራት ልጆች ቦታ ይገኛል፤ አህያይቱን መሆን የሚፈልግ ሲጠፋ ግን አባት ይግባበት።