ሠርግ በተደገሰበት ቤት ምዕራፍ መጨረስ

ታናሽ እህቴ የተዳረችው ቅዳሜ ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ሦስተኛ ምዕራፍ ደግሞ በዚያው ሳምንት ለአማካሪዬ መድረስ ነበረበት። ሽማግሌ ከተላከበት ከጥቅምት ጀምሮ ስለ ጽሑፉ ለጠየቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነበር፦ «ሠርግ አለብን እኮ!» የተከራከረኝ ሰው የለም። ሠርግ ያለበት ሰው ምን ቢያጎድል ይቅር ይባላል።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ግን ራሴን ታዘብኩት። የጥሪ ካርዱን ቃል ስድስት ጊዜ ጽፌ ስድስት ጊዜ አርሜያለሁ። «የደስታችን ተካፋይ ይሁኑልን» ይሻላል ወይስ «በአክብሮት ጠርተንዎታል» እያልኩ እስከ እኩለ ሌሊት ቁጭ ብያለሁ። ከምዕራፉ ግን አንድ መስመር አልወጣም። ለካ ጊዜም አልጠፋም፣ መጻፍም አልጠፋኝም። ካርዱን ማተሚያ ቤቱ ይጠብቀዋል፤ የተላጠ ሽንኩርት በሳህን ተቆልሎ ይታያል፤ ምዕራፍ ግን ሲሠራበት ቢውልም የሚታይ ነገር የለውም። ስለዚህ እጄ ወደሚታየው ሮጠ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን በቅደም ተከተል እነሆ።

መጀመሪያ የቀን መቁጠሪያውን ያውርዱና የጾሙን ወቅት ያስምሩበት። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ የሠርግ ቀን እንደ ልብ አይቆረጥም። ኅዳር 15 የሚገባው ጾመ ነቢያት እስከ ገና ድግስ ይከለክላል፤ ጥምቀት ጥር 11 ውሎ፣ ቃና ዘገሊላ በማግስቱ ከተከበረ በኋላ ነው በሩ የሚከፈተው። በ2018 ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ስለገባ፣ ለሠርግ የተረፉት አራት ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበሩ። ረመዳንም በዚያው ሳምንት በመግባቱ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጥድፊያ ከእኛ አያንስም ነበር። በእነዚያ አራት ሳምንታት የራስዎን ሠርግ ብቻ አይደግሱም፤ የአጎት ልጅ፣ የሥራ ባልደረባ፣ የጎረቤት ልጅ ሁሉ ይጠራዎታል። እንግዲያው አዲስ ነገር የሚጻፈው በጾሙ ወቅት፣ ቤቱ ገና ሲያስብ እንጂ ሲበላ በማይውልበት ጊዜ ነው። ከጥምቀት በኋላ ማረም ብቻ ይያዙ። እኔ የነቃሁት ጾሙ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው፤ እርስዎ ከኅዳር ይጀምሩ።

ሁለተኛው ደረጃ መጠንሰስ ነው። ይህን የተማርኩት ከእናቴ ጋን ሥር ነው። ጋኑ በወይራ ይታጠናል፤ ጌሾው በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ተከድኖም ይቀመጣል። ብቅሉ በኋላ ይመጣል፤ አሻሮው ገና አልተቆላም። ሁሉም እስኪሟላ ጥንስሱን የሚያቆይ ጠማቂ የለም፤ ጥንስሱን ቀምሶ «ይሄ ጠላ አይደለም» የሚል ሞኝም የለም። ጽሑፍ ላይ ግን ሁላችንም ያንን ሞኝ እንሆናለን። በመጀመሪያው ቀን ስለ ምዕራፉ የሚያውቁትን አምስት ዓረፍተ ነገር፣ ቢያስጠሉም፣ ጽፈው ይክደኑ። ተመልሰው አያንብቡ። ከመነሳትዎ በፊት ነገ የሚጨምሩትን በአንድ መስመር ያስቀምጡ፤ ማግስቱን ከባዶ ወረቀት ጋር አይፋጠጡም።

ሦስተኛ፣ በቤቱ ውስጥ ስም ያለው ሥራ ይውሰዱ። ይህ ከጽሑፍ የሚያርቅ ይመስላል፤ ግን በሠርግ ቤት ሥራ የሌለው ሰው የሁሉም ተላላኪ ነው። «እስቲ አንዴ» እየተባለ ቀኑ ያልቃል። እኔ ካርዱንና የተጠሪዎችን ስም ዝርዝር ወሰድኩ፤ ዲኮሩን፣ ቪዲዮውንና የሚዜዎቹን መኪና ለወንድሜ ለቀቅኩ። ከዚያ ሰዓቴን በግልጽ ተናገርኩ፦ «እማዬ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት አትጥሪኝ። ከዚያ በኋላ የአንቺ ነኝ።» እናቴ ተስማማች። ከደብረ ብርሃን የመጡት አክስቴ ግን በሩን ገፋ አድርገው፣ «ሽንኩርቱስ?» አሉ።

«እትዬ፣ ከቁርስ በኋላ እልጣለሁ። ጽሑፌን ልጨርስ።»

«ጽሑፍሽ ሽሮ ነው እንዴ፣ ይበርዳል?»

መልስ አልነበረኝም። ከቁርስ በኋላ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ላጥኩ። ቃልዎን ካላከበሩ በማግስቱ በሩ አይዘጋልዎትም።

የተበጣጠሰውን ጊዜም አይናቁት። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ልኬት ስንጠብቅ በደብተር ሁለት ገጽ ጽፌያለሁ። መርካቶ ስንመላለስ ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ ሐሳቤን በስልኬ በድምፅ ቀዳሁ፤ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ከባሌ ጋር የምጣላ ሳይመስላቸው አልቀረም።

አራተኛ፣ ለምዕራፉም ማተሚያ ቤት ይፈልጉለት፤ ማለቴ የሚጠብቀው ሰው። አማካሪ ለዚህ አይሆንም፣ ይፈራል። አብራኝ የምትማር ጓደኛዬን በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ የጻፍኩትን በስልክ ፎቶ አንስቼ እንድልክላት ለመንኳት። አታነብም፤ «ደረሰ» ብቻ ትላለች። ካልላክሁ ምሳ እጋብዛታለሁ። ጾም ስለነበር ያስከፈለችኝ ሁለት በያይነቱ ብቻ ነው።

አምስተኛ፣ በሠርጉ ሳምንት አይጻፉ። ዶሮ እየተገነጠለ፣ ቅቤ እየተነጠረ፣ ድንኳን እየተተከለ ላፕቶፕ የከፈተ ሰው ወይ ጽሑፉን ያበላሻል ወይ ከቤተሰቡ ይጣላል። ይልቁን ቀኑን አስቀድመው ያስለውጡ። ሦስት ሳምንት ሲቀረው «የካቲት 6 አስገባለሁ» ብዬ ለአማካሪዬ ጻፍኩ። ቀኑ ከማለፉ በፊት የተጠየቀ ጊዜ ይሰጣል፤ ካለፈ በኋላ ግን ሠርጉ ሰበብ ሆኖ ይቀርባል።

ያልጠበቅኩት ስጦታ ግን ከሠርጉ በኋላ መጣ። ሰኞ ጥር 25 ጾመ ነነዌ ስለሚገባ መልሱ የግድ እሑድ ዋለ። ሰኞ ቤቱ ጭር አለ፤ ድስቱ ታጥቦ ለእድሩ ተመለሰ፤ የደከመው ሁሉ ተኛ። በእነዚያ ሦስት የጾም ቀናት የጻፍኩት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከጻፍኩት ይበልጣል። ጥንስሱ ባይኖር ግን ምን እጠምቅ ነበር?

ምዕራፉ የካቲት 6 ገባ። አማካሪዬ «መግቢያው ይጠር» ብለው መለሱልኝ። ስድስት ጊዜ የታረመው ካርድ ላይ ግን «ጥር» የሚለው ቃል «ጠር» ተብሎ ታትሟል። ያስተዋሉት አክስቴ ብቻ ናቸው።