የበዛብህ ሞት ለምን ልክ ይመስለናል?

ከጊች ገደል አፋፍ ላይ ያለን ድንጋይ የጭላዳ እግር ቢነካው ቁልቁል ይወድቃል። ጉልበቱን የሰጠው ግን ጭላዳው ሳይሆን የአፋፉ ከፍታ ነው፤ ይህን በፊዚክስ እምቅ ጉልበት እንለዋለን።

በ1958 ዓ.ም. ታትሞ በቅርብ ዓመታት ወደ ቴሌቪዥን ድራማነት የተቀየረውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በዚህ ዓይን እንመልከት። በዛብህ በወንበዴዎች ተመትቶ ይሞታል፤ ሰብለ ወንጌል ትመነኩሳለች። ሁላችንም ሌላ ፍጻሜ እንመኛለን፤ ሆኖም ፍጻሜው ሐሰት አይመስለንም። ወንበዴዎቹ የጭላዳው እግር ናቸው፤ ከፍታውን አስቀድሞ የገነባው ፊታውራሪ መሸሻ የሚመኩበት የዘር ሐረግ ሥርዓት ነው። አጋጣሚ ቀኑን ይወስናል እንጂ አቅጣጫውን አይወስንም። ደራሲው በዛብህን ቢያተርፈው ኖሮ እኛን ያስደስት ነበር፤ ያንን ሥርዓት ግን ከተጠያቂነት ነጻ ያወጣው ነበር። ፍጻሜውን ቅር እያለን የምንቀበለው ስለዚህ ነው።