እናትሽ ከመፈረሟ በፊት

ልጄ፣ የእናትሽ የቆሽት ካንሰር ወደ ጉበት መዛመቱን፣ ሐኪሟም ስለ ክሊኒካል ሙከራ ወረቀት እንደሰጣችሁ ነግረሽኛል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የትኛው መድኃኒት ይሻላል የምትለውን ጥያቄ ለእነሱ እተዋለሁ። በሜሪላንድ ሆስፒታሎች ሳስተረጉም ስለኖርኩ ግን ሰዎች የቱን ሳይጠይቁ እንደሚወጡ አውቃለሁ። በቁጥር የጻፍኩልሽ ይዘሽው እንድትገቢ ነው።

1. መጀመሪያ ለራሷ ንገሯት። በእኛ ዘንድ ልጆች በር ዘግተው ይመክራሉ፣ ለእናት «ትንሽ የጨጓራ ነገር ነው» ይባላል። ከፍቅር እንደሆነ አይጠፋኝም። ሙከራ ውስጥ የሚገባው ሰው ግን የሚፈርመው ራሱ ተረድቶ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የበሽታው ስም፣ ደረጃውና የመድኃኒቱ ጉዳት ተዘርዝሯል። ይህ የአሜሪካኖች ጣጣ አይደለም። በናዚ ሐኪሞች ላይ የተፈረደው ፍርድ እ.ኤ.አ. በ1947 የኑረምበርግን ደንብ ሲያወጣ፣ የመጀመሪያው አንቀጽ ያለ ሰውየው ፈቃድ ሙከራ አይደረግም የሚል ነው። ደግሞም መርዶ አይደለም፤ ጎሕ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ በአንድ ጊዜ አይወርድባትም። ምን ያህል ማወቅ እንደምትፈልግ ጠይቋት፣ ከፈለገች የንስሐ አባቷ ይኑሩ፣ እሷ ባለችው ልክ ይነገራት።

2. የዘረመል ምርመራው ውጤት የት እንደደረሰ ጠይቂ። እዚህ አገር ባለው የሕክምና መመሪያ፣ የቆሽት ካንሰር የተገኘበት ሰው ሁሉ፣ በቤተሰቡ ታማሚ ኖረም አልኖረ፣ በዘር የሚወረስ የጂን ለውጥ እንዲመረመር ይመከራል። ደም ወይም ምራቅ ይበቃል። ብራካ 1፣ ብራካ 2 እና ፓልቢ 2 የሚባሉት ጂኖች ሥራቸው የተሰበረ ዲኤንኤን መጠገን ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲወረስ ጀምሮ ጉድለት ካለበት፣ ብዙ ጊዜ በካንሰሩ ሕዋስ ውስጥ ጥገናው ይቀራል። ሲስፕላቲንና ኦክሳሊፕላቲንን የመሳሰሉ ፕላቲነም ያለባቸው ኬሞዎች ደግሞ ዲኤንኤውን ያቆስላሉ፤ መጠገን ያቃተው ሕዋስ ያንን አይችለውም። በብዛት ከሚሰጡት ኬሞዎች አንዱ፣ ጀምሲታቢን ከናብ ፓክሊታክሰል ጋር፣ ፕላቲነም የለበትም። ውጤቱ በጊዜ እንዲደርስ የምወተውትሽ ለዚህ ነው።

«በዘራችን የለም» አትበይ። አገር ቤት ስንቱ ዘመዳችን «በሆድ ሕመም ሞተ» ተብሎ ተቀብሯል። ለውጡም በአባት በኩል እንደ እናት እኩል ይተላለፋል። ውጤቱ «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» ካለ ግን አለ ብላችሁ አትደንግጡ፤ የዘረመል መረጃ ቋቶቹ በአብዛኛው ከአውሮፓ ተወላጆች የተሰበሰቡ ስለሆኑ እንዲህ ያለው መልስ በእኛ ላይ ይበዛል።

3. ሙከራው የሚለካው ምን እንደሆነ ጠይቂ። ከሁሉም በላይ ይህን ያዢ። ለምሳሌ ፖሎ የተባለውን ሙከራ ውሰጂ። 3,315 የቆሽት ካንሰር ታማሚዎች ተመርምረው በዘር የወረሱት የብራካ ለውጥ የተገኘባቸው 247 ብቻ ነበሩ። ቢያንስ ለ16 ሳምንት ፕላቲነም ያለበት ኬሞ ወስደው በሽታው ካልባሰባቸው መካከል 154ቱ በዕጣ ተመደቡ፤ ከአምስቱ ሦስቱ ኦላፓሪብ የሚባል ክኒን፣ ሁለቱ ባዶ ክኒን። ካንሰሩ ሳይገፋ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ በኦላፓሪብ 7.4 ወር፣ በባዶው 3.8 ወር ሆነ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሞ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ክኒኑን ፈቀደ። በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ ሲታይ ግን ሁለቱም ወገን ወደ 19 ወር ነው። እንግዲህ «ዕድሜ ይጨምራል ወይ?» እና «ካንሰሩን ይይዘዋል ወይ?» አንድ ጥያቄ አይደሉም። ደም ሥር ላይ መርፌ ሳይተከል ቤት ተቀምጦ ክኒን መዋጥ ለእናትሽ ስንት ያወጣል? ያንን የምትመዝነው እሷ ናት።

ሌላም አለ፤ እኔ ከዚህኛው የበለጠ ተምሬበታለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ሙከራ፣ የብራካ ወይም የፓልቢ 2 ለውጥ ያለባቸው 50 ሰዎች ሁሉም ጀምሲታቢንና ሲስፕላቲን ወሰዱ፣ ከፊሎቹ ቬሊፓሪብ የሚባል አዲስ መድኃኒት ተጨመረላቸው። ዕጢው በጉልህ የቀነሰላቸው ከነቬሊፓሪቡ ከመቶ 74፣ ያለ እሱ 65 ገደማ ነበሩ፤ በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 15.5 ወር ከነቬሊፓሪቡ፣ 16.4 ወር ያለ እሱ። አዲሱ የጨመረው የደም ሕዋስ መቀነስን ነው። ሥራውን የሠራው እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በገበያ ያለው አሮጌው ሲስፕላቲን ነበር! ስለዚህ አዲስ ስለተባለ ብቻ ልባችሁ አይሸፍት፤ ሙከራው ቀረብን ብላችሁም አትዘኑ።

4. ዕጣው ባዶ ክኒን ላይ ቢወድቅ ምን ሕክምና እንደምታገኝ ይንገሩሽ። በፖሎ ባዶው የተሰጠው ኬሞውን ከወሰዱ በኋላ እንጂ በኬሞው ፈንታ አልነበረም። ከገባች በኋላም በፈለገች ቀን መውጣት መብቷ ነው።

5. አንቺ አታስተርጉሚ። ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። ልጅ ስታስተረጉም ቃሉን ታለሰልሳለች፣ እናትም የልጇን ፊት አይታ ጥያቄዋን ትውጣለች።

6. ሐኪሙ የማይጠይቃችሁን እናንተ ንገሩት። ጾም ትጾማለች? ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ሌላ ቅጠል ትጠጣለች? ኦላፓሪብ የምትወስድ ከሆነ ግሬፕፍሩት ክልክል ነው። ምግቡ እንዲፈጭላት የሚታዘዘው የቆሽት ኢንዛይም ደግሞ የሚሠራው ከአሳማ ቆሽት ነው። ሳታውቅ ከምትውጠው ወይም አውቃ በድብቅ ከምትጥለው፣ አስቀድማ ከንስሐ አባቷ ጋር ትነጋገርበት። ክብደቷ እየወረደ ነውና ነገሩ ቀላል አይደለም።

7. ለውጡ ከተገኘባት አንቺና ወንድሞችሽ እያንዳንዳችሁ የመውረስ ዕድላችሁ ግማሽ ነው፤ ወንዶቹም አይቀሩም። እዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሕግ የጤና መድን ድርጅትና አብዛኛው አሠሪ በዘረመል ውጤት እንዳያገልሏችሁ ይከላከላል፤ የሕይወት መድንን ግን አይሸፍንም፤ ይህን ከመመርመራችሁ በፊት ከዘረመል አማካሪ ጋር ተነጋገሩበት። አዲስ አበባ ላለው ወንድምሽም የእናትሽን የላቦራቶሪ ውጤት ሙሉ ቅጂ ላኪለት፤ የለውጡ ትክክለኛ ስም ከታወቀ መርማሪው የሚፈልገው እሱኑ ብቻ ነው።