የመረብ ዐይን ወይስ የወንዝ አፍ? በጣና ሐይቅ የማስገሪያ መሣሪያና ዘዴ አመራረጥ

ስለ ዓሣ ማስገሪያ መሣሪያ አመራረጥ በአገራችን ሲነሣ ውይይቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቁጥር ላይ ያርፋል፤ እርሱም የመረብ ዐይን ስፋት ነው። ጠባብ ዐይን ያለው መረብ ጫጩቱን ይፈጃል፤ ሰፊው ግን ያሳልፈዋል፤ ስለዚህ ሰፊው ይመረጥ ይባላል። ይህ አስተያየት ለቀረሶ በአመዛኙ ይሠራል። አስጋሪዎች በጥቅሉ ነጭ ዓሣ ለሚሏቸው የጣና የላቤኦባርበስ ዝርያዎች ግን በቂ አይደለም። የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ለእነዚህ ዓሦች መረቡ የሚዘረጋበት ቦታና ወቅት ከዐይኑ ስፋት የበለጠ ወሳኝ ነው የሚል ነው።

በቅድሚያ የመረቡን አሠራር እንመልከት። ወንፊት ከቀዳዳው የሚበልጠውን ሁሉ ያስቀራል። በውኃ ውስጥ ቆሞ የሚዘረጋ መረብ ግን ትንሹም በጣም ትልቁም ያመልጡታል፤ ትንሹ ሾልኮ ያልፋል፣ የትልቁ ጭንቅላት ደግሞ ወደ ዐይኑ አይገባም። ተስቦ ሲለካ 10 ሳ.ሜ. የሆነ ዐይን ዙሪያው 20 ሳ.ሜ. ነው። በጉንጩ ክዳን አካባቢ ዙሪያው ከዚህ የሚያንስ፣ በወፍራሙ የሰውነቱ ክፍል ግን የሚበልጥ ዓሣ ጭንቅላቱን ካስገባ በኋላ ወደፊትም ወደኋላም መሄድ ይሳነዋል። ሩሲያዊው የዓሣ ሀብት ሊቅ ፊዮዶር ባራኖቭ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንዳስረዳው፣ ቅርጻቸው በሚመሳሰል ዓሦች ዘንድ የመያዝ ዕድልን የሚወስነው የዓሣው ርዝመትና የዐይኑ ስፋት ጥምርታ ነው። ለስሌት ያህል፣ 10 ሳ.ሜ. ዐይን 40 ሳ.ሜ. ርዝመት ያለውን ዓሣ ከሌሎች አብልጦ ይይዛል ብንል፣ 8 ሳ.ሜ. ዐይን 32 ሳ.ሜ. የሆነውን ይመርጣል ማለት ነው። (ቀረሶ በጀርባ እሾሁ እየተጠላለፈም ስለሚያዝ ስሌቱ ለእርሱ እንዲህ ጥርት ብሎ አይወጣም።)

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሰፊ ዐይን የሚመርጠው ለመራባት የደረሰውን ትልቅ ዓሣ ነው። ጣና 15 ያህል የላቤኦባርበስ ዝርያዎች አሉት። ዕድገታቸው አዝጋሚ ነው፤ ለመራባትም የሚደርሱት ዘግይተው ነው። ከእነርሱም በርከት ያሉት በክረምት ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች ላይ ሽቅብ በመጓዝ፣ ጠጠራማ አልጋ ባላቸው ገባሮች እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከመውጣታቸው በፊት በወንዙ አፍ ይሰባሰባሉ። በዚያ ሰሞን ሕጋዊ ስፋት ያለው መረብ በወንዙ አፍ የዘረጋ አስጋሪ፣ አንድም ጫጩት ሳይነካ፣ በሐይቁ ሰፊ አካል ላይ ተበትነው የኖሩትን ወላጆች በጥቂት ሌሊቶች ሊያወጣቸው ይችላል።

ለዚህ ጠንካራው ማስረጃ የማርቲን ደ ግራፍና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። ቀድሞ ማስገር በደንገል ታንኳ በዳርቻው ይካሄድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ ግን ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገቡ። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 የነበረውን ሁኔታ ሲያነጻጽሩ የትልልቆቹ ላቤኦባርበሶች ብዛት በ75 በመቶ ገደማ፣ የጫጩቶቹ ደግሞ በ90 በመቶ ገደማ ቀንሶ አገኙት። ሁለተኛው ቁጥር ልብ ሊባል ይገባዋል። ሰፊ ዐይን ያለው መረብ ጫጩትን አይይዝም፤ ሆኖም ይበልጥ የጎደለው ጫጩት ነው። ይህን የሚያስረዳው ወላጆቹ እንቁላል ሳይጥሉ መያዛቸው ነው።

መንጠቆስ አማራጭ ይሆናል? ከ15ቱ ዝርያዎች 8ቱ ዓሣ በል ናቸው፤ የሚገርመውም በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ያደኑትን የሚያደቁት በጉሮሯቸው ውስጥ ባለው ጥርስ ነው። ስለዚህ በትንሽ ዓሣ ወይም በሚያብለጨልጭ የብረት ማባበያ ይያዛሉ፤ ክሩን የሚበጥስ ጥርስ ስለሌላቸውም የሽቦ ማያያዣ አያስፈልግም። ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ክብ መንጠቆ በአፍ ጠርዝ ላይ ስለሚይዝ ያልተፈለገውን ዓሣ በሕይወት ለመመለስ ያመቻል። ይሁንና መንጠቆን ከደሙ ንጹሕ ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም፤ ለይቶ የሚያጠቃው አዳኞቹን ዝርያዎች ነው፤ የቀኑ ምርትም ለቤተሰብ መተዳደሪያ ላይበቃ ይችላል። የሰሜን አሜሪካው ትልቅ-አፍ ባስ ልምድም ይህንኑ ያጠናክራል። ወንዱ ባስ ጎጆውን ሲጠብቅ ወደ አጠገቡ የመጣን ማባበያ ሁሉ ስለሚነክስ በቀላሉ ይያዛል፤ እርሱ ሲነሣ ሌሎች ዓሦች እንቁላሉን ይበሉታል። በዚህ ምክንያት እንደ ኦንታሪዮ ያሉ ግዛቶች የመንጠቆውን ዓይነት በመወሰን ብቻ ሳይገቱ በመራቢያው ወቅት ባስ ማስገርን ሲከለክሉ ቆይተዋል።

ከሁሉ የከፋው ዘዴ በገባር ወንዞች የሚፈጸመው የብርብራ አጠቃቀም ነው። የተወቀጠው ፍሬ ውኃው ውስጥ ሲበተን ዓሣውን ያለ መጠንና ዝርያ ልዩነት ያደነዝዛል፤ ስለ መራጭነቱ መወያየት አያስፈልግም። ሞኖፊላመንት የሚባለው የነጠላ ክር መረብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ክሩ ቀጭንና ለዓሣው በቀላሉ የማይታይ በመሆኑ ዐይኑ እኩል ከሆነው የተገመደ ክር መረብ የበለጠ ይይዛል፤ ሲበጣጠስም ውኃ ውስጥ ተጥሎ ባለቤት ሳይኖረው መያዙን ይቀጥላል። የዐይን ስፋትን ብቻ የሚለካ ተቆጣጣሪ ይህን ልዩነት አያየውም።

የወንዝ አፎችን ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መዝጋት ዋጋ የሚያስከፍለው አስጋሪውን ነው። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ይውላል፤ በጾም ዓሣ በሚመገቡ ቤቶች ፍላጎቱ ከፍ የሚለው ዓሣው ወደ ወንዝ በሚሰባሰብበት ሰሞን ነው ማለት ነው። ስለዚህ ክልከላው ሐይቁን በሙሉ ሳይሆን የወንዝ አፎችን ብቻ ቢመለከት፣ አስጋሪው በዚያው ወቅት ቀረሶና አምባዛ ከሌላ ቦታ ማስገሩን ሊቀጥል ይችላል። የመዝጊያው ክልል ከወንዙ አፍ ምን ያህል ይራቅ የሚለውን ለመወሰን፣ ከ6 እስከ 14 ሳ.ሜ. ዐይን ያላቸውን መረቦች በአንድ ሌሊት በወንዝ አፍና ከዚያ እየራቁ በሚሄዱ ነጥቦች ላይ ዘርግቶ ማነጻጸር ይገባል። በየነጥቡም የዐይኑን ስፋት፣ የክሩን ዓይነት፣ የመረቡን ርዝመት፣ የተዘረጋበትንና የወጣበትን ሰዓት፣ እንዲሁም የተያዘው ዓሣ እንቁላል የያዘ መሆን አለመሆኑን መመዝገብ ያስፈልጋል።